የአንበሳሜው ዕጩ

ባለፈው መስከረም ከሐሙሲት ወደ ወረታ ስጓዝ፣ አጠገቤ የተቀመጠ የአንበሳሜ ወጣት «ጋሼ፣ ለትምህርት ቤት ቦርድ በግል መወዳደር ይቻላል?» ሲል ጠየቀኝ። ገዥው ፓርቲም ተቃዋሚውም አልጣመውም (ብርቅ ፍጡር!)። የሚያስጨንቀው ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ ከትምህርት የሚቀሩት ልጆች ጉዳይ ነው።

መልሱ ከበደኝ። የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድን ሕዝብ በቀጥታ አይመርጠውም፤ የቀበሌ ሹማምንት፣ የመምህራንና የወላጆች ተወካዮች ይቀመጡበታል። «እንግዲያስ ለቀበሌ ምክር ቤት ልወዳደራ!» አለኝ። የቀበሌ ምርጫ የተካሄደው ግን በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር፤ ያኔም 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን አግልለዋል። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የታሰበው ተራዘመ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ ምክር ቤታቸውን ሲመርጡ፣ የገጠሩ መራጭ የቀበሌውን ሳይመርጥ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የአምስት ዓመት ወንበር እንዴት ይህን ያህል ይረዝማል?

ወጣቱ በ2005 ዓ.ም. ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ወረታ ስንወርድ የድጋፍ ፊርማ ያሰባሰበበትን ደብተር አሳየኝ። የመጀመሪያው ገጽ ሙሉ በሙሉ የእናቶች ነው፤ አብዛኞቹ በጣት አሻራ ፈርመዋል።