ጉልበትና ወንበር

ፈጣን መኪና እወዳለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በታች ያለው ነገር ፍጥነትን የናቀ ሰው ምክር ተደርጎ እንዳይወሰድ ነው። ያደግሁት አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ፣ ከጋሞ ደጋ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች በሚበዙበት መንደር ነው። አባቴ ከሸማ ጉድጓዱ ሲውል እኔ ወደ እንጦጦ በሚወጣው አስፋልት ዳር እውል ነበር። የአሜሪካ ኤምባሲ ያለው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ሌላ ሰፈር የማይታይ መኪና እኛ ጋ ይታያል። ዳገቱን ሲይዙ የሚያወጡትን ድምፅ ሰምቼ፣ ፊቴን ሳላዞር ዓይነታቸውን እለይ ነበር።

አድጌ የጥበብ ልብስ ነጋዴ ስሆንና እጄ ላይ ገንዘብ መቆየት ሲጀምር ያ ፍቅር አብሮኝ አደገ። ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ የማየው ፖርሽ ታይካንን ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የታይካን ቱርቦ ኤስ እስከ 761 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ለመድረስ 2.8 ሰከንድ ይበቃዋል። እንደማልገዛው አውቃለሁ። ነገር ግን ሰው የማይገዛውን ነገር ደጋግሞ ሲያይ፣ አቅሙ ከሚፈቅደው መካከል ያንን የሚመስለውን መፈለግ ይጀምራል። እኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ጊዜውም ገፋፋኝ። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፈል ሆነ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በቻይና የሚሠሩ ቮልስዋገኖችና ቢዋይዲዎች የአዲስ አበባን መንገድ ሞሉት። የእኔ ዓይን ያረፈው አይዲ ፎር ላይ ነበር። ከስሪቶቹ መካከል ያመነታሁት በሁለቱ ላይ ነበር። ፕሮ የሚባለው ከኋላ አንድ ሞተር አለው፤ ጉልበቱ 150 ኪሎዋት፣ ማለትም 204 ፈረስ ነው። ፕራይም የሚባለው ላይ ከፊት ሌላ ሞተር ተጨምሮ 230 ኪሎዋት፣ 313 ፈረስ ይሆናል፤ አራቱም ጎማ ይጎትታል። አይዲ ፎር የቤተሰብ መኪና እንጂ የስፖርት መኪና አይደለም። ፕራይሙን ግን አንድ ጊዜ ሲረግጡት ጀርባን ከወንበሩ ጋር ያጣብቃል። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ነዳጅ ሞተር ዙሩ እስኪነሳ አይጠብቅም፤ ያለ የሌለ የማሽከርከር ኃይሉን ገና ከመነሻው ይሰጣል። ደላላው ቀለበት መንገድ ላይ ያስነዳኝ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የዋጋው ልዩነት ቀላል አልነበረም። ደላላ በደላላ ስለሚለያይ ቁጥር አልጠቅስም፤ ለአንድ ሸማ ነጋዴ የአንድ ወቅት የድርና የማግ መግዣ ነው ብል ግን አላጋነንኩም። እና ያንን ሁሉ ለምን እንደምጨምር ራሴን ስጠይቅ መልሱን አውቀው ነበር። ለመስቀል ዶርዜ ልገባበት ነው። መስቀል ለጋሞ ሕዝብ የዓመቱ ታላቅ በዓል ነው። አዲስ አበባ ያለው ሸማኔና ነጋዴ፣ ያለውም የሌለውም፣ ወደ ደጋው ይመለሳል፤ ወይፈን በጋራ ይታረዳል፣ ሰው እርስ በርሱ ይጠያየቃል። ዓመቱን ሙሉ ያልተያየ ዘመድ ማን እንደሰነበተ፣ ማን እንደተለወጠ የሚያየው በእነዚያ ቀናት ነው። እኔ ያንን መንደር በጠንካራው መኪና ልገባበት ፈለግሁ። ለሚስቴ የነገርኳት ሌላ ነበር። «ዳገቱ ጉልበት ይፈልጋል» አልኳት።

ይህ ምክንያት ባዶ አይደለም፤ በልጅነቴ የተተከለ ነው። አርባ ምንጭ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዶርዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሙዝና ከማንጎ አገር ተነስቶ የእንሰትና የቀርከሃ አገር ለመግባት መጥመዝመዝ፣ ደግሞ መጥመዝመዝ ነው፤ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ከታች እየራቁ ይሄዳሉ። ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳና ነዳጁ በደንብ አይነድም። ስለዚህ ዶርዜ የሚደርሰው ሩብ ጉልበቱን ጥሎ ነው። በልጅነቴ የተሳፈርንባቸው የጭነት መኪኖች በዝቅተኛው ማርሽ እያቃሰቱ ሲወጡ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ ጎማ ጎን ይራመድ ነበር፤ ሞተሩ የጠፋ እንደሆነ ከጎማው ሥር ሊሸጉጥ። ያንን ልጅ ሳይ ያደረብኝ ፍርሃት አሁንም አብሮኝ አለ። ጉልበት ያለው መኪና ማለት ለእኔ ታኮ የማያስፈልገው መኪና ነበር።

ፕራይም የገዛ አንድ ጓደኛ አለኝ። ከመወሰኔ በፊት አብረን ወረድን። በቡታጅራና በሆሳዕና አድርገን ሶዶ አደርን፤ ሌሊቱን ከሆቴሉ ሶኬት ቻርጅ ሲያደርግ አድሮ በማግስቱ አርባ ምንጭ ገባን። ከዚያ ወደ ላይ ያለውን መሪውን ለእኔ ለቀቀልኝ።

ዳገቱ ላይ መኪናው ምንም አላለም። ድምፅ የለ፣ ማቃሰት የለ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ከፍታው ከጉልበቱ የሚወስድበት ነገር የለም። እዚያው መሪ ላይ እንዳለሁ ሒሳቡን ሠራሁ። ሰው የጫነ፣ ሁለት ቶን ተኩል የሚሆን መኪና 1,250 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ከ8 እስከ 9 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይበቃል። ባትሪው ከ80 በላይ ይይዛል። ይህን ኃይል ለማውጣት ደግሞ ሁለት ሞተር አያስፈልግም። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ በሚሄዱበት ፍጥነት 204ቱም ፈረስ ሥራ ፈቶ ነው የሚወጣው። በልጅነቴ የፈራሁት ዳገት ለደካማውም ስሪት ዳገት አልነበረም። ለሚስቴ የሰጠኋት ምክንያት ግማሽ መንገድ ላይ አለቀ።

ቁልቁለቱ ይበልጥ አስተማረኝ። ከዶርዜ ሲወርዱ ነዳጅ ጠጪዎቹ መኪኖች ፍሬን እያጋሉ ነው፤ ሽታው መንገዱ ላይ ይቀራል። የኤሌክትሪክ መኪና እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ይይዘዋል፤ ወደ ላይ የበላውን ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልገዋል። ላይ ሆኖ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ የሚወርድ ሰው ይህን አያገኝም፤ የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልምና መኪናው ወደ ተራ ፍሬን ይመለሳል። ደጋ ላይ የሚያድር ሰው ቦታ ትቶ ቢሞላ ይሻለዋል። ይህን የነገረኝ ሻጭ አልነበረም፤ ለሚቀጥለው ገዢ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ለፕራይሙ የሚሟገት አንድ ነገር መካድ አይገባኝም። አራቱም ጎማ መጎተቱ። በክረምት የጋሞ ደጋ ጭቃ የኋላ ጎማ ብቻ የሚጎትተውን መኪና ወደ ጎን ያንሸራትተዋል፤ ጉሙ ወርዶ አምስት ሜትር እንኳ በማይታይበት ከሰዓት በኋላ ይህ ቀልድ አይደለም። የሁለተኛው ሞተር እውነተኛ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ አይደለም። ብዙ አሰብኩበት። ጥሩ ጥርስ ያለው ጎማ ከዚህ ጥቅም ብዙውን እንደሚሰጠኝ፣ የጠለቀ ጭቃ ላይ ደግሞ ሁለቱም እኩል ዝቅ ያሉ መኪኖች ስለሆኑ ሆዳቸው እንደሚነካ ተረዳሁ። ከዋናው መንገድ ወጥቶ በየቀበሌው በክረምት የሚዞር ሰው ቢጠይቀኝ ግን ፕራይሙን ተው አልለውም። እንዲያውም ሌላ፣ ከፍ ያለ መኪና ፈልግ እለዋለሁ።

ልቤን የቀየረው ከዚህ ሁሉ ሌላ ነገር ነው። ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው ልጆቹን ያውቃቸዋል። በየመጠምዘዣው መኪና ሲሰሙ ከየአጥሩ ሥር ይወጣሉ፤ መንገዱ መሃል ገብተው ወገባቸውን እያወዛወዙ ይጨፍራሉ፣ በእጃቸው ቆመው ይሄዳሉ፣ ይገለባበጣሉ። ቱሪስት የለመደ ጨዋታ ነው፤ ሳንቲም ይሻሉ። አንዱን መጠምዘዣ ስይዝ እግሬ ትንሽ ጠንከር ብሎ ነበር። ከፊቴ ወደ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ በእጁ ቆሟል፤ እግሮቹ ወደ ሰማይ ናቸው፤ መኪናውን አያየውም፤ ድምፅ የለውምና አልሰማውም። በጊዜ ቆምኩ፤ በመካከላችን ሰፊ ቦታ ነበር፤ ምንም አልደረሰም። ልጁ በእጁ እንደቆመ ወደ እኔ መጣ፤ ፊቱ ተዘቅዝቆ ይስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በሙሉ የእንጨት ሸክም ያዘሉ እናቶች፣ በሬዎች፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው እያየሁ ነው የወጣሁት። 313 ፈረስ ይዤ ነበር። መንገዱ ግን የሰው ግቢ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያን ሁሉ ፈረስ የምለቅበት ስንዝር አላገኘሁም።

ዶርዜ ያለው አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ሸማኔ ነበር፤ አሁን ዓይኑ ስለደከመ ከቤቱ ደጅ ተቀምጦ ይውላል። የቀርከሃ ቤቱ እንደ አገሩ ወግ ሥሩን ምስጥ ሲበላው እየተቆረጠ ከድሮው አጥሯል። መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ቀለሙን ወደደው። እኔ ስለ ጉልበቱ ላወራለት አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ስንት ሰው ይጭናል?»

«አምስት፣ ጋሼ።»

«ከሹፌሩ ጋር?»

«አዎ፣ ከሹፌሩ ጋር።»

«እንግዲያ አራት ነው» አለና ወደ መቀመጫው ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ፣ «ሐሙስ ገበያ እህቶችህ ከታች ሲመጡ የሚጭናቸው አጥተው ያመሻሉ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ወቀሳም አልነበረውም፤ የሚያውቀውን ነው የነገረኝ።

ይህን ከእሱ ብቻ የመጣ አስተያየት አድርጌ ማየት አልቻልኩም። ዶርዜ ውስጥ ሀብት ብቻውን ክብር ሆኖ አያውቅም። ሀላቃ የሚባለውን ማዕረግ የሚይዘው ሰው የሚከበረው ለአገሩ ሰው ደግሶ ነው፤ ያለውን ሰው አብልቶ ነው። ሮዳ ሃልፐሪንና ጁዲት ኦልምስቴድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ዶርዜ ያሳተሙት ጥናት የሚናገረው ስለዚሁ ነው፤ ሀብት ያፈራውን ሰው ማኅበረሰቡ እንዴት ወደ ድግስ እንደሚያመጣው። ሀብቱ በሌሎች እጅና አፍ ማለፍ አለበት። እኔ ግን ለመስቀል ይዤ ልመጣ ያሰብኩት ማንም የማይካፈለውን ነገር ነበር። ፍጥነት አይታደልም። ሹፌሩ ብቻ ነው የሚበላው፤ ተሳፋሪው ፍርሃቱ ይደርሰዋል። ይህን ስጽፍ ፍጥነትን ለመርገም አይደለም፤ ብቻውን የሚደሰትበት ቦታ ያለው ሰው ይደሰትበት። ዶርዜ ግን ያ ቦታ አይደለም፤ እኔም ገንዘቡን የማወጣው ለዶርዜ ነበር።

አዲስ አበባ ስመለስ ደላላውን አይዲ ሲክስ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ያው ፋብሪካ የሚሠራው፣ ሦስት ረድፍ ወንበር ያለው ረጅሙ መኪና ነው። እሱም ፕራይም የሚባል ጠንካራ ስሪት አለው፤ ከፊቴ ቆሞ ነበር፤ ልቤ አልደነገጠም ብል እዋሻለሁ። ባለ አንድ ሞተሩንና ሰባት ወንበር ያለውን ወሰድኩ። ለፍጥነት ልጨምረው የነበረው ገንዘብ ወደ ወንበር ሄደ ማለት ነው። ሚስቴ ለምን እንደቀየርኩ ስትጠይቀኝ ይህን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ዳገቱ የነገርኳት ሰበብ እንደነበረም ጭምር።

ባለፈው መስቀል ሰባቱም ወንበር ሞልቶ ወጣን። ሦስተኛው ረድፍ ጠባብ ነው፤ ረጅም ሰው ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚቀመጠው፤ ልጆችና አጫጭር አክስቶች ይሻላሉ። ሰባት ሰው ከጫነ በኋላ ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው፤ ጣሪያው ላይ መጫኛ ማሠራት ነበረብን። ክብደቱ ሲጨምር ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፤ ሶዶ ላይ ቀድመን አቆምን። ዳገቱን ግን ያለ ጭንቀት ወጣነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከገበያ መልስ እህቶቼን ከነሸክማቸው ጫንኩ። መጠምዘዣዎቹ ጋ ስደርስ ጥሩንባ እየነፋሁ፣ ልጆቹ ከመንገዱ እስኪወጡ እየጠበቅሁ ነው የሄድኩት።

ጓደኛዬ ፕራይሙን አልሸጠም፤ መሸጥም የለበትም። ሥራው በየሳምንቱ አዳማ ያመላልሰዋል፤ የፍጥነት መንገዱ ላይ ከባድ መኪና ሲቀድም ያ ተጨማሪ ጉልበት በእርግጥ ይጠቅመዋል፤ ሲነዳም ደስ ይለዋል። አንዳንዴ አብሬው ስሄድ ቁልፉን ይሰጠኛል፤ እኔም እምቢ አልልም።