ደስታውና መዝገቡ

ሐኪም ሁለት ምስክር ያዳምጣል፤ ሕመምተኛው የሚናገረውንና ደሙ የሚናገረውን። ሁለቱ ሁልጊዜ አይስማሙም። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲከስር፣ የመኪናው ባለቤቶች ግን በእርካታ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ነበሩ። አንዱ ወገን «ከሚከስር ድርጅት መኪና አይገዛም» ሲል፣ ሌላው «የምነዳው መኪናውን እንጂ መዝገቡን አይደለም» ይል ነበር።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ የመለሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። እርካታ ስለ ዛሬ ይመሰክራል፤ ሒሳብ ስለ ነገ። ቴስላ በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዓመት አትርፎ ነገውን አገኘ። ፊስከር ግን በሰኔ 2024 ኪሳራውን ለፍርድ ቤት ሲያሳውቅ፣ መኪናውን የወደደውም የጠላውም እኩል መለዋወጫ ፈላጊ ሆነ።

በእኔ ሙያ ነገሩ ይከብዳል። ለዓይነ ስውራን ሰው ሠራሽ ሬቲና ያመርት የነበረው ሴከንድ ሳይት በ2020 ለመዘጋት ሲቃረብ፣ መሣሪያው በዓይናቸው የተተከለላቸው ሰዎች ጠጋኝ አጡ። መኪና በርካሽም ቢሆን ይሸጣል፤ ዓይን ውስጥ የገባ ነገር ግን ገበያ የለውም። እንግዲህ ሕመምተኛው ደስታውን ይንገረን፤ ስለ አምራቹ መዝገብ አስቀድሞ መጠየቅ የእኛ የሐኪሞቹ ዕዳ ነው።