ጦቢያን ካነበብሁ በኋላ



«በአማርኛ የተጻፈው የመጀመሪያው ልብ ወለድ ማን ይባላል?» የሚል ጥያቄ በፈተና ቢመጣ፥ ከክፍላችን «ጦቢያ» ብሎ የማይመልስ ተማሪ አይገኝም። ነገር ግን «መጽሐፉን ያነበባችሁ እጃችሁን አንሡ» ቢባል፥ የሚነሣው እጅ በጣት የሚቈጠር ነው። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ ስሙን እንጂ ታሪኩን አላውቅም ነበር።

እንዳነበው ምክንያት የሆነኝ ሌላ መጽሐፍ ነው። በጓቴማላ የሚኖሩት የኪቼ ማያ ሕዝቦች «ፖፖል ቩህ» የሚባል የጥንት መጽሐፍ አላቸው። በእርሱም ውስጥ ሁናፑና ሽባላንኬ የተባሉ መንታ ወንድማማች አባታቸው ወደ ተገደለበት ወደ ሙታን አገር ይወርዳሉ፤ የዚያንም አገር ጌቶች በኳስ ጨዋታና በብልሃት ድል ያደርጋሉ። ከዚህ አፈ ታሪክ የተቀዳ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አንብቤ እጅግ ደስ ቢለኝም፥ «እንዲህ ያለ ታሪክ ለእኛ ለምን የለንም?» ብዬ ቀናሁ። ወዲያውም በቤተ መጻሕፍት ጦቢያን አገኘሁና የቅናቴ ምክንያት አለማወቄ መሆኑን ተረዳሁ።

ጦቢያ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት ሲሆን፥ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ታተመ። ደራሲው በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ተወልዶ፥ በኢጣልያ አገር በናፖሊ ከተማ አማርኛ ያስተማረ ሰው ነው። መጽሐፉ በመጀመሪያ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ ነበር፤ ኋላ ግን በባለታሪኳ ስም ተጠራ። የጥንት ጦርነት ቢተርክም ዘመኑንና አገሩን ለይቶ አይናገርም። አንድ የጦር አለቃ ድል ሆኖ ይማረካል፤ ዋሕድና ጦቢያ የሚባሉ መንታ ልጆች አሉት። አንድ ነጋዴ ማስለቀቂያውን ገንዘብ ይሰጥና አባትየው ነጻ ይወጣል። ዋሕድም የነጋዴውን ውለታ ሳልመልስ አልቀርም ብሎ ሊፈልገው ሲሄድ፥ ራሱ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትነሣለች።

አማርኛው የቈየ ስለ ሆነ በየገጹ የማላውቀው ቃል ይገጥመኝ ነበር። አባቴ የጎጃም ሰው ነውና እርሱን እጠይቃለሁ። ጥያቄው ሲበዛበት፥ «እንግዲያውስ ጮኽ ብለህ አንብበው፥ ሁላችንም እንስማ» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ፥ እናቴ ከጉልት ስትመለስ፥ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው አነብ ነበር። የንጉሡ ዘመድ የሆነችው ልጃገረድ ጦቢያን ወንድ መስላት በፍቅሯ ስትያዝ፥ ታናሽ እኅቴ «ኧረ አንድ ሰው ይንገራት!» እያለች ትጮኽ ነበር። እናቴም እስክታለቅስ ድረስ ሳቀች።

ዋሕድ ነጋዴውን ፍለጋ ሲወጣ ግን አባቴ «ቈይ» አለኝና ዝም አለ።

ከሦስት ዓመት በፊት አባቴ ከሱሉልታ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ እግሩ ተሰበረ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አንሥቶ ሐኪም ቤት አደረሰው፤ የተጠየቀውንም 3,000 ብር መያዣ ከኪሱ ከፍሎ፥ ስሙን እንኳ ሳይናገር ሄደ። እናቴ ባነሣችው ቍጥር «እግዜር ይስጠው» ትላለች። እኛም በዚህ ምርቃት የከፈልን መስሎን ተቀምጠን ነበር። እውነቱን ለመናገር፥ ሹፌሩን ያልፈለግነው አይገኝም ብለን አልነበረም፤ ቢገኝ የምንከፍለው ስላልነበረን ነው።

«ዋሕድ ምንም ሳይኖረው ሄደ፤ እኔ ግን ተደበቅሁ» አለ አባቴ። በልጆቹ ፊት እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

መጽሐፉን በጨረስን ቅዳሜ፥ አባቴ ምርኩዙን ይዞ ከእኔ ጋር ወጣ። የጎጃም መንገድ በሰፈራችን በአዲሱ ገበያ በኩል ስለሚያልፍ፥ በዚያ ያገኘናቸውን ሹፌሮችና ረዳቶች ሁሉ ጠየቅን። የያዝነው ምልክት ጥርሰ ፍንጭት መሆኑንና የመኪናው ቀለም ሰማያዊ መሆኑን ብቻ ነበር። አንዳንዱ ሳቀብን። አንድ ሽማግሌ ሹፌር ግን፥ «ጋሼ፥ አበዳሪ ተበዳሪውን ሲፈልግ አይቻለሁ፤ ተበዳሪ አበዳሪውን ሲፈልግ ግን ዛሬ ገና አየሁ» አለና እንደሚጠይቅልን ተስፋ ሰጠን።

እስካሁን አላገኘነውም። ነገር ግን አባቴ ከዚያ ወዲህ በአንድ የወተት ጣሳ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ይህን ስጽፍ 1,400 ብር ደርሷል። «ብድር በምድር» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሬ ብሰማውም፥ ትርጕሙ የገባኝ ያን ጣሳ ካየሁ በኋላ ነው። ታሪክ የሚነበበው ለጨዋታ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፥ እኛ ቤት መጥቶ ጣሳውን ይመልከት።

ጓደኞቼ ሆይ፥ መጽሐፉን ለቤተ መጻሕፍቱ መልሻለሁና ተራው የእናንተ ነው። ይህን መጽሔት ከምታነቡ ወላጆችም መካከል፥ በሱሉልታ መንገድ እግሩ የተሰበረ ሰው አንሥቶ ያሳከመ ሹፌር ካለ፥ ወይም የሚያውቀው ካለ፥ ለልጃችሁ ንገሩልን። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ይወጣል።