ስለ ቅጥር ነፍሰ ገዳዮች የተሠራ አንድ አሥቂኝ ፊልም

ፊልም አይቶ አስተያየት መጻፍ ልማዳችን አይደለም። ነገር ግን በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ማታ በቤታችን ያየነው ፊልም እስከ ዛሬ ድረስ ስላነጋገረን፣ ነገሩን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን። ፊልሙን በዲቪዲ ያመጣልን የወንድማችን ልጅ ነው፤ «ያሥቃል፤ ግን ልጆቹ ከተኙ በኋላ እዩት» ብሎ አስጠንቅቆን ሄደ። ምክሩን ተቀብለን ልጆቹን አስተኝተን ተቀመጥን። እማሆይ አክስታችንም እንደ ልማዳቸው ከማዕዘኑ በርጩማቸው ላይ ሆነው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እርሳቸው ቴሌቪዥን አያዩም፤ ነገር ግን ይሰማሉ፤ ያልገባቸውንም ነገር ሳይጠይቁ አያልፉም።

ፊልሙ «ኢን ብሩዥ» ይባላል። የጻፈውም ያዘጋጀውም ማርቲን ማክዶና የተባለ፣ ከአየርላንድ ወላጆች ለንደን ላይ የተወለደ ጸሐፌ ተውኔት ነው፤ ለሕዝብ የቀረበውም በ2000 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ2008) ነው። ፈረንጆች ሞትንና መከራን በቀልድ የሚያቀርበውን የዚህን ዓይነት ሥራ ጥቁር ኮሜዲ ይሉታል። ሬይ የሚባለው ወጣትና ኬን የሚባለው ጠና ያለ ባልደረባው ለገንዘብ ሰው የሚገድሉ ናቸው፤ ሬይን ኮሊን ፋረል፣ ኬንን ብሬንዳን ግሊሰን ይጫወቱታል። ለንደን ላይ አንድ ነፍስ ካጠፉ በኋላ አለቃቸው ሃሪ፣ ነገሩ እስኪበርድ ብሎ፣ በገና ሰሞን ቤልጂየም ውስጥ ወዳለችው ወደ ጥንታዊቱ የብሩዥ ከተማ ይልካቸዋል።

መጀመሪያው ሣቅ ነው። ኬን እንደ ታሪክ መምህር የአገር ጐብኚዎች መጽሐፍ ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ መዘክር ይዞራል፤ ሬይ ደግሞ ያለ ውዴታው ዘመድ ጥየቃ እንደ ወሰዱት ሕፃን ያኰርፋል። 83 ሜትር ከፍታ ወዳለው የደወል ግንብ 366ቱን ደረጃ እንውጣ ቢባል፣ ከላይ ሆኜ የማየው ታቹን ከሆነ እዚሁ ታች ሆኜ አየዋለሁ ብሎ ይቀራል። እኛም ሣቅን። እማሆይ «ምን አለ?» ብለው ጠየቁን፤ ተረጐምንላቸው፤ «እውነቱን እኮ ነው» አሉ።

ስድቡን መተርጐም ግን አልተቻለንም፤ በዚህ ፊልም ያለ ስድብ የሚያልቅ ንግግር ጥቂት ነውና። «አሁንስ ምን አለ?» ባሉን ቍጥር «ተቈጣ» እንላቸው ጀመር። ብዙ ጊዜ «ተቈጣ» ካልናቸው በኋላ እንዝርታቸውን አቁመው፣ «ይህ ሰው ሐሞቱን ያመዋል እንዴ?» አሉን። በቁመቱ ማጠርና በውፍረቱ በሰው ላይ የሚቀለደውን ቀልድ ግን ከናካቴው አልወደድነውም።

ከዚያ በኋላ ሣቁ የሚቆምበት ስፍራ ይመጣል። ሬይ ለንደን ላይ የተላከው አንድ ካህን ሊገድል ኖሯል። ተናዛዥ መስሎ ከኑዛዜው ስፍራ ገባ፤ ነፍስ ማጥፋቱን ተናገረ፤ ካህኑም የማንን ብለው ቢጠይቁት የእርስዎን ብሎ ተኰሰ። ካህኑ ቈስለው ሲወጡ ደጋግሞ ተኰሰ፤ ጥይቱም እርሳቸውን አልፎ ተራውን ይጠብቅ የነበረ አንድ ሕፃን ልጅ ራሱን መታው። በልጁ እጅ ኃጢአቱን የጻፈበት ቍራጭ ወረቀት ነበረ። የጻፈውም ሦስት ነገር ነው፤ ማኵረፍ፣ በሒሳብ ትምህርት መድከም፣ ማዘን።

የልጆቻችን መኝታ ቤት በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ተነሥተን ዘጋነው።

«የልጁ ስም ማን ነው?» አሉ እማሆይ። ፊልሙ አይናገርም አልናቸው። «እናትስ የለችውም?» እስካሁን አልታየችም አልን። እርሳቸውም ዝም ብለው መፍተላቸውን ቀጠሉ። እኛ ግን ነገሩ ከነከነን። ነፍሰ ገዳይ በሚያሥቅባቸው ፊልሞች ኹሉ ስም ያለው ገዳዩ ነው፤ ሟቹ ወድቆ ይታለፋል። አይተን የረሳናቸውን እናስብ ብንል ከሟቾቹ የአንዱን እንኳ ስም ማንሣት አልቻልንም።

ሁለቱ ሰዎች በብሩዥ ቤተ መዘክር ሂሮኒመስ ቦሽ ከሣለው የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል ፊት ይቆማሉ። ኹሉን ሲያጣጥል የነበረው ሬይ ይህን ሥዕል ትክ ብሎ አየው። ስለ ፍርድ፣ ስለ ሲኦል፣ ቤተ ክርስቲያናችን ስለማትቀበለው ስለ መካነ ንጽሕም በቀልድ እያዋዙ ተነጋገሩ። እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የምናውቀውን የበላዔ ሰብእን ሥዕል አሰብን፤ 78 ነፍስ ያጠፋው ያ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ድኃ የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ደፍቶለታልና። ሬይ ግን ይህን የሚነግረው አላገኘም። የሚያውቀው የአለቃውን ሕግ ነው፤ ሃሪ ሕፃን የገደለ ሰው እዚያው ራሱን ሊገድል ይገባዋል ባይ ነውና፣ ሬይን እንዲገድለው ኬንን ያዝዘዋል።

ከፊልሙ ኹሉ የተሻለው ስፍራ ይኸ ነው። ኬን ሽጕጡን ይዞ በመናፈሻው ከኋላው ሲቀርብ፣ ሬይ በራሱ ላይ ሊተኵስ ሲል ያገኘዋል፤ ሊገድለው የመጣው ሰውም ጮኾ አዳነው። ነገሩ ያሥቃል፤ ወዲያውም ያስለቅሳል። ኬን ቀጥሎ የሚናገረው ፍሬ ነገር፣ ብትሞት ያ ልጅ አይነሣም፤ ብትኖር ግን ሌላ ልጅ ታድን ይሆናል የሚል ነው። ባቡር ላይ አሳፍሮም ሰደደው።

በዚህ ጊዜ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳችን ፊልሙ ልባችንን ሰርቆናል፤ ዐይኑ እንባ ያቀረረ መልከ መልካም ተዋናይ ባይሆን ለዚህ ሰው አናዝንለትም ነበር አልን። እውነት አለው፤ ፋረል በዚህ ሥራው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 የጎልደን ግሎብ ሽልማት ተሸልሞበታል። ሌላችን ደግሞ እንዲህ እየተሠቃየ ካላዘንንለት ለማን እናዝናለን አልን። እማሆይ ሁለታችንንም ሰምተው፣ እርሳቸው ባደጉበት አገር ነፍስ ያጠፋ ሰው እንዴት እንደሚታረቅ ነገሩን። ሽማግሌና ካህናት ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ ገዳዩ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ከሟች ወገኖች ደጅ ይወድቃል፤ ተነሥ እስኪሉት ድረስ አይነሣም። «ይህ ልጅ ከእናቲቱ ደጅ ሳይወድቅ እኛ ቤት መጥቶ ለምን ያለቅሳል?» አሉ።

የምንመልሰው አልነበረንም። ፊልሙ ወደ መጨረሻው ደርሶ ነበር፤ ሃሪ ራሱ ወደ ብሩዥ መጥቶ የሚሆነውን ላላየ ሰው አንተርክም። ብቻ ሬይ ቈስሎ ወደ አምቡላንስ ሲወስዱት ሐሳቡን ይናገራል፤ ለንደን ውስጥ በአንድ ቤት ከገና ዛፍ ሥር ባለቤቱ የማይከፍተው ስጦታ ተቀምጧል፤ ከዳንሁ ወደዚያ ቤት ሄጄ እናቲቱን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የምትፈርድብኝንም እቀበላለሁ ይላል። ይህን ቃል በቃል ለእማሆይ ተረጐምንላቸው። እንዝርቱ ቆመ።

«ደረሰ?» አሉን።

ፊልሙ እዚህ ላይ አለቀ አልናቸው። እማሆይ ጥቂት ጠብቀው፣ ሌላ ሥዕል እንዳልመጣ ባዩ ጊዜ፣ «ዲስኩን አትመልሱ፤ ምናልባት የቀረ ይኖረው ይሆናል» ብለውን ጥጣቸውን ሰብስበው ለጸሎት ተነሡ።