እስከ ስድስት መቁጠር

ልጅ ሳለሁ «ኪሮሽ» እና «ዳንቴል» የሚሉት ቃላት ከእናቴ ጋር የተወለዱ ይመስሉኝ ነበር። አዲስ አበባ በነበረው ቤታችን ከ«ጀበና» እና ከ«ረከቦት» እኩል የቤት ቃላት ስለነበሩ፣ ከሌላ አገር መጥተው ይሆናል ብሎ የሚጠረጥራቸው አልነበረም። ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ኦ ቪቭ በሚባለው የጄኔቫ ሠፈር ከአንዲት ክርና መርፌ ሻጭ አፍ «ክሮሼ» የሚለውን ቃል ስሰማ ግን የእናቴ ኪሮሽ በባዕድ አገር ዘመድ እንዳላት ተረዳሁ። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ዳንቴልም እንደዚሁ ፈረንሳይኛ ነው፤ ባለቤቶቹ ማናቸውንም ስስ የክር ጌጥ ሲጠሩበት፣ እኛ ዘንድ ግን ይልቁንም በኪሮሽ ለሚሠራው ስም ሆኖ ቀረ። እኔ ወደ ፈረንሳይኛ አገር ከመሰደዴ በፊት ፈረንሳይኛ ተሰዶ እናቴ ጭን ላይ ተቀምጦ ኖሯል።

የዚያን ዘመን ቤት የሚያስታውስ አንባቢ ዳንቴል ምን እንደነበረ ሊነገረው አያስፈልግም። ሬዲዮኑ ዳንቴል ነበረው፤ የሶፋው መደገፊያ ዳንቴል ነበረው፤ የስኒው ትሪ ዳንቴል ነበረው። ቴሌቪዥን የገባበት ቤት ከሥርጭቱ ሰዓት ውጭ መስታወቱን በዳንቴል ይሸፍን ነበር። እናቴ ቡናው እስኪፈላ፣ ወጡ እስኪበስል፣ እንግዳው ወሬውን እስኪጨርስ ድረስ ኪሮሿ ከእጇ አይለይም ነበር። ክሩን የምትመርጠው በላዩ ላይ ባሉት ሦስት ፊደላት ነበር፤ ዲ ኤም ሲ። ፊደላቱ ዶልፉስ ሚግ እና ኩባንያው ለሚለው የፈረንሳይኛ ስም ምሕፃር መሆናቸውን፣ ድርጅቱ በ1746 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሙሉዝ በተባለች ከተማ የተመሠረተ መሆኑን፣ ሙሉዝም ከስዊስ ድንበር አጠገብ የምትገኝና እስከ 1798 ድረስ የስዊስ ቃል ኪዳን አጋር የነበረች መሆኗን ያወቅሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ በዳንቴል የተሠራ አሻንጉሊት በቤታችን አላየሁም። ዳንቴል ለዕቃ ነበር፤ ለልጅ አልነበረም። አሻንጉሊታችንን የምንሠራው እኛው ልጆቹ ከእራፊ ጨርቅና ከእንጨት ነበር፤ በክረምት ደግሞ ከነጸጉሩ ከበቆሎ። እነዚያ አሻንጉሊቶች ከሳምንት በላይ አይቆዩም፤ እኛም እንዲቆዩ አንጠብቅም ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ለሕክምና ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ስሄድ እናቴ አንድ ኪሮሽ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተች። «እጅሽ ሥራ ሲፈታ ልብሽ ይሄዳል» ብላ ነበር የሰጠችኝ። ስድስት ዓመት የሕፃናት ሕክምና ስማር፣ በመካከሉ የተማርኩበት መንግሥት ሲፈርስ፣ የላከኝም መንግሥት ሲወድቅ፣ ኪሮሿ ከሻንጣው ሥር ነበረች። ወደ ጄኔቫ መጥቼ ዲፕሎማዬ ዕውቅና እስኪያገኝ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ስሠራ ነው ያወጣኋት። እንቅልፍ ያጡ አሮጊቶች እጄን አይተው ፈገግ ይሉ ነበር። ሐኪም መሆኔን ማመን ለከበዳቸው ሰዎች እንኳ ኪሮሽ መያዜ ግልጽ ነገር ነበር።

ዛሬ ኦ ቪቭ እኖራለሁ። ስሙ «ሕያዋን ውኆች» ማለት ነው፤ በ1931 እ.ኤ.አ. ከጄኔቫ ከተማ ጋር እስከተዋሐደ ድረስ የራሱ ማዘጋጃ ቤት የነበረው የሐይቅ ዳር ሠፈር ነው። 140 ሜትር ወደ ሰማይ የሚወረወረው የጄኔቫ ፏፏቴ ከእኛው ዳርቻ ይነሣል። ልጄ ግን ትዳር ይዛ ዙሪክ ገብታለች። በባቡር ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ በቋንቋ ግን ከዚያ ይርቃል። ልጄ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው በፈረንሳይኛ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ አትመልስም። የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ቋንቋ የአባቷ የዙሪክ ጀርመንኛ ነው፤ ፈረንሳይኛም ከእናቷ ትሰማለች። ከአማርኛ የምታውቀው እኔን የምትጠራበትን «እማማ» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ አንድ ሳምንት እኔ ዘንድ ከረመች። በሁለተኛው ቀን ሥዕል ስትሥል «የቆዳውን ቀለም» አቀብዪኝ አለችኝ። የቱ እንደሆነ ስጠይቃት ፈዛዛውን ሮዝ እርሳስ አሳየችኝ። ልጅቱ ያመጣችው ነገር አይደለም፤ ጀርመንኛ ተናጋሪው ያንን ቀለም ለረጅም ዘመን «የቆዳ ቀለም» ሲለው ኖሯል፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪውም «የሥጋ ቀለም» ይለዋል። በዚያ እርሳስ ራሷን ሣለች፤ እናቷን ሣለች፤ እኔንም በዚያው ቀለም ሣለችኝ።

የሕፃናት ሐኪም እንደመሆኔ ወዲያው የታወሰኝ የኬነትና የማሚ ክላርክ ጥናት ነው። እነዚህ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ምሁራን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ከቀለም በቀር ልዩነት የሌላቸውን አራት አሻንጉሊቶች ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ለሆናቸው ጥቁር ልጆች አቅርበው የቱ ጥሩ፣ የቱ መጥፎ እንደሆነ ጠየቋቸው። አብዛኞቹ ነጩን መረጡ። ጥናቱም በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የትምህርት ቤት የዘር መድልዎን በሻረበት ውሳኔ ውስጥ ተጠቀሰ።

ማታ ለልጄ ደውዬ አሻንጉሊት ልሠራላት ማሰቤን ነገርኳት። ዝም ብላ ከቆየች በኋላ «እማዬ፣ እባክሽን መድኃኒት አታድርጊው» አለችኝ። «ልጄ አልታመመችም። እኔም ትንሽ ሳለሁ ስጦታ ሁሉ ትምህርት ነበረው፤ እሷ እንዲሁ ትጫወት።» ከዚህ ዓረፍተ ነገር በስተጀርባ ሃያ ዓመት የቆየ ክርክራችን እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን አልቀጠልንበትም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ቃሏ አልለቀቀኝም፤ እውነት አለበትና።

ልጄ በምትኖርበት በዚያው በዙሪክ ይህንን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ያሰበችበት አንዲት ሴት ነበረች፤ ሳሻ ሞርገንታለር (1893–1975) ትባላለች። በርን ተወልዳ፣ ጄኔቫ ሥዕል ተምራ፣ ቆይታም አዋላጅነት ያጠናች ሴት ናት። አዲስ የተወለደ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል የምታውቀው ከሥዕል መጽሐፍ አልነበረም። አሻንጉሊቶቿ አይስቁም። ሁልጊዜ የሚስቅ አሻንጉሊት ልጁ ሲያዝን ጥሎት ይስቃል፤ ፊቱ ዝም ያለ አሻንጉሊት ግን ልጁ ሲስቅ ይስቃል፣ ልጁ ሲያለቅስ ያለቅሳል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጀርመንና በእንግሊዝ ፋብሪካዎች የተባዙት አሻንጉሊቶቿ ቆዳ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆነ፤ የአንድ ዘር ብቻ ሳይሆኑ የማንም ልጅ እንዲሆኑ ታስቦ ነው። ሐሳቡን አከብራለሁ። ነገር ግን የሁሉም የሆነ ቀለም በትክክል የማንም አይደለም። የእኔ የልጅ ልጅ የራሷ ቀለም አላት።

በማግሥቱ ሦስት ቡናማ ክሮች ገዝቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ፤ አንዱ ወተት የበዛበት ሻይ፣ አንዱ ማር፣ አንዱ የተቆላ ቡና። ክንዷ ላይ አስጠግታ የራሷን እንድትመርጥ ጠበቅሁ። እሷ ግን ክሮቹን አንድ በአንድ አንሥታ በእኔ እጅ ጀርባ ላይ አስቀመጠች። ለካች፤ አነጻጸረች፤ የተቆላውን ቡና መረጠች። «አንቺ ትንሽ ሳለሽ ናት» አለች ስለ አሻንጉሊቷ። ነገሩ ተዘጋ። እኔ ለእርሷ መስታወት ልሠራላት ስነሣ፣ እርሷ የእኔን ልጅነት አዘዘችኝ።

በኪሮሽ አሻንጉሊት ሠርቶ ለማያውቅ አንባቢ አሠራሩን ልንገረው። ሥራው ከራስ ቅል ይጀምራል። በአንድ የክር ቀለበት ውስጥ ስድስት ቋጠሮ ይሠራል፤ ቀለበቱ ሲጠበቅ ስድስቱ ተሰብስበው እንደ አዝራር ይሆናሉ። ሁለተኛው ዙር 12፣ ሦስተኛው 18፣ አራተኛው 24 ነው። በየዙሩ ስድስት ብቻ ሲጨመር ሥራው ጠፍጣፋ ሆኖ ይሰፋል፤ መጨመር ሲቆም ጠርዙ ወደ ላይ ተነሥቶ ጎድጓዳ ይሆናል፤ ከልክ በላይ ሲጨመር ደግሞ ይሸበሸባል። ይህንኑ መሸብሸብ ተጠቅመው የሒሳብ ምሁሯ ዳይና ታይሚኛ በ1997 እ.ኤ.አ. በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በወረቀት ለማሳየት የሚያስቸግረውን የሃይፐርቦሊክ ጂኦሜትሪ ገጽ በኪሮሽ ሠርተው በእጅ የሚዳሰስ አድርገውታል። እኔ ግን ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ፅንስ ነው። በአምስተኛው ቀን ገደማ የሰው ልጅም ውስጡ ክፍት የሆነ ትንሽ ኳስ ነው።

ቋጠሮው ጥብቅ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ውስጡ ያለው ሙሊት ይታያል። በባዘቶ ልሞላት ወድጄ ነበር፤ ጥጥ ሲታጠብ ግን ይጓጉላል፣ ቶሎም አይደርቅም፤ ስለዚህ የሚታጠብ ሰው ሠራሽ ሙሊት መረጥሁ። የፕላስቲክ ዓይንም አላደረግሁላትም፤ ገና የሚድህ ወንድም አላት፣ የሚነቀል ነገር ሁሉ ደግሞ የጨቅላ ሕፃን ጉሮሮ መንገዱ ነው። ዓይኖቿን በጥቁርና በነጭ ክር ጠለፍኩ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ትላልቅ ዓይኖች ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያሉ። የቅዱሳኑ ፊት አይስቅም፤ አያለቅስምም፤ ያያል። ሳሻ ሞርገንታለር ዙሪክ ላይ የፈለገችውን ፊት የእኛ ሠዓሊዎች ከብዙ ዘመን በፊት ያውቁት ነበር እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሹራብ በመኪና ይሠራል፤ እውነተኛውን የኪሮሽ ቋጠሮ ለገበያ የሚያመርት መኪና ግን እስካሁን የለም። በየሱቁ በርካሽ የሚሸጠው የኪሮሽ አሻንጉሊት ሁሉ የአንድ ሰው እጅ፣ ብዙ ጊዜም በጥቂት ሳንቲም የተከፈለ እጅ፣ አንድ በአንድ የቋጠረው ነው። እናቴ ጭን ላይ የነበረው ሥራ ዋጋ እንዳልነበረው ሲነገረኝ ይህንን አስባለሁ።

ስሠራ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። ከበሽተኞቼ ጋር በፈረንሳይኛ፣ በሕልሜ አንዳንዴ በሩሲያኛ እናገራለሁ፤ ቋጠሮ ስቆጥር ግን ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ የለኝም። ራስ፣ ሆድ፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፤ እያንዳንዱ ከስድስት ይጀምራል። የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ክሩን ትፈታልኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን አሻንጉሊቷ ምን ቋንቋ እንደምትናገር ጠየቀችኝ። ምን ይመስልሻል አልኳት። አሰበችና ፈረደች፤ አንቺ ትንሽ ሳለሽ ከሆነች ጀርመንኛ አታውቅም፤ ስለዚህ እኔ አስተምራታለሁ፤ አንቺ ግን የምታውቀውን እንድትረሳ አታድርጊያት። ቀኝ እግሯን ስጀምር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት» ያለችው እርሷ ናት። እኔ አላስተማርኳትም። ለአሻንጉሊቷ ነበር የምትቆጥርላት።

እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት በ1951 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ ልጅ ለስላሳ ዕቃውን ራሱ ፈጠረው ወይስ ከሌላ ተሰጠው ብለን መጠየቅ እንደማይገባን ይመክራል። ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ያጠናሁት ነገር ነበር። አሁን ሳስበው ቋንቋም እንደዚያ ይመስለኛል። ሃያ ዓመት ለልጄ አማርኛን እንደ አደራ ሰጠኋት፤ አደራ ይከብዳል። የልጅ ልጄ ማንም ሳይሰጣት ከክር መካከል ስድስት ቃል አነሣች፤ አነሣጧም እንደ ራሷ ነገር ነበር።

እሑድ ዙሪክ ከተመለሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጄ ደወለች። ልጅቱ የቤታቸውን ደረጃ በአማርኛ እየቆጠረች ትወጣለች አለችኝ፤ ስድስት ላይ ስትደርስ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ደረጃው አሥራ አራት ነው። «ሰባት፣ ስምንት» አለች ልጄ፤ ከዚያ ቆም ብላ በፈረንሳይኛ «ቀጥሎ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ደገመችው። ሌላ ነገር አልተነጋገርንበትም፤ እኔም አላስረዘምኩት።

ከዚያ የአሻንጉሊቷ አንገት መላላቱን ነገረችኝ። ራሷ ከባድ ስለሆነ ወደ ግራ ታዘነብላለች። አንገት የሁሉም የኪሮሽ አሻንጉሊት ደካማ ቦታ ነው፤ በጠበቀ ክር ሁለት ሦስት ዙር ሲጠነከር ይስተካከላል። ቡናማው ክር ተርፎኛል፤ ቅዳሜ የጠዋቱን ባቡር እይዛለሁ።