«ማኛና»፦ ማድሪድ ላይ ያሳሳተኝ ቃል

ባለፈው ሰኔ ልጄን ላርስ ማድሪድ ሄጄ ነበር። አማርኛ በቅርቡ የተማረ ሰው ይህን ቢሰማ በሬና ቀንበር ይዤ የሄድኩ ሊመስለው ይችላል። «ማረስ» የሚለውን ቃል የሚያውቀው በእርሻው በኩል ብቻ ነዋ! ስፔን አገር እኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

የልጄ ቤት ላቫፒዬስ በሚባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ከከተማው መሃል ብዙም ሳይርቅ ጠባብና ዳገታማ መንገዶች ያሉት፣ ከየአገሩ የመጡ ስደተኞች የሚኖሩበት ነው። በሰኔ ወር ጀንበር የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ምሳ የሚበላው ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት ስለሆነ፣ ለእኛ እኩለ ቀን ያለፈበት ሰዓት ለእነሱ ገና ጠዋት ነው።

የልጄ ባል የሌሊት ሠራተኛ ነው። ማታ ሲወጣ «አስታ ማኛና» ይለኛል፤ «እስከ ነገ» ማለቱ ነው። ቃሉን ለመያዝ አልተቸገርኩም። እነሱ ላዩ ላይ ሰረዝ ያለበት «ን» አላቸው፤ ድምፁ ልክ እንደ እኛ «ኝ» ነው። በዚያ ላይ ማኛ ጤፍን አስታወሰኝ። «ማኛና ማለት ነገ» ብዬ በልቤ መዝግቤ ዘጋሁት።

ልጄ ከወለደች በኋላ የደም ግፊቷ ከፍ በማለቱ ክኒን ታዝዞላት ነበር። ከሆስፒታል በወጣች ማግስት ባሏ መድኃኒቱን በማለዳ ገዝቶ መጣና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ተኛ። ካርቶኑ ላይ በእጅ ጽሑፍ «ማኛና 1፣ ኖቼ 1» ይላል። «ኖቼ» ማታ መሆኑንም አውቅ ነበር። «ነገ አንድ፣ ማታ አንድ፤ እንግዲህ ነገ ይጀመራል ማለት ነው» አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስታጠባ ያደረችውን ልጄን መቀስቀሱም አሳዘነኝ።

ቀትር ላይ «እማዬ፣ ራሴን አመመኝ» አለችኝ። ይዤው የሄድኩትን መለኪያ ክንዷ ላይ ባስርላት 160 በ100 ሆነ። ራስ ምታትና ከፍተኛ የደም ግፊት አራስ ላይ ሲገናኙ እንደማያስተኙ ስንት ዘመን ለእናቶች ሳስተምር ኖሬአለሁ። ካርቶኑን እየተንቀጠቀጥኩ አሳየኋት።

«እማዬ፣ ነገ አይደለም እኮ! ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነው የሚለው!»

ክኒኑን ዋጠችና ባሏን ቀስቅሰን በታክሲ ወደ ሆስፒታል በረርን። እስከ ምሽት ሲከታተሏት ቆይተው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግፊቷ ወረደ። ስንወጣ ነርሷ «ማኛና ፖር ላ ማኛና» አለችን። ቃሉን ሁለቴ ስትደጋግመው እኔን የምትገሥጽ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ለካ «ነገ ጠዋት ተመለሱ» ማለቷ ነው!

በማግስቱ የልጄ ባል ወረቀት ይዞ አስቀመጠኝና ልጄ እየተረጎመችልን አስረዳኝ። ቃሉ ብቻውን ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ «ነገ» ነው። በፊቱ «ላ» ሲገባ እንደ ሴት ይቆጠርና «ጠዋት» ይሆናል። «ኤል» ከቀደመው ደግሞ ወደ ወንድ ይለወጥና «መጪው ዘመን» ማለት ይሆናል። «ፓሳዶ ማኛና» ከነገ ወዲያ ነው። የመድኃኒት ካርቶን ላይ ግን ጽሑፉ እንዲያጥር «ላ»ን ይተዉታል። ያኔ የሚለየው አጠገቡ ያለው «ማታ» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ እያየሁት ዘለልኩት።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሌላም ወጥመድ አለው። እነሱ «የማኛና ሁለት ሰዓት» ሲሉ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ይህን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብሎ የተረጎመ እንግዳ አውሮፕላኑ ሄዶ ይደርሳል።

አንድ ቃል እንዴት ጠዋትም ነገም ይሆናል ብዬ ሳጉረመርም፣ የልጄ ባል ቃሉ በላቲን ጠዋት ከሚባልበት «ማኔ» መምጣቱን ነገረኝ። ያኔ የራሳችን ቋንቋ ትዝ አለኝ። ነጋ፣ ንጋት፣ ነገ! በግዕዝም ጠዋት «ነግህ» ነው፤ የጠዋቱ ጸሎት ጸሎተ ነግህ ይባላል። ነገ ማለት እኮ ሲነጋ ማለት ነው። የእኛም ቃል ከዚያው ከጠዋት ነው የወጣው።

«ዛሬ ነገ» እያሉ ማመላለሱም አላቸው። ላራ የተባለው የማድሪድ ጸሐፊ በ1833 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር «ነገ ይመለሱ» የሚል ስላቅ አሳትሟል። ባለታሪኩ ጉዳዩን በ15 ቀን ሊጨርስ ከፈረንሳይ ይመጣል፤ በየቢሮው «ማኛና» እየተባለ ስድስት ወር ይመላለስና ባዶ እጁን ይመለሳል። የልጄ ባል ይህን ሲተርክልኝ ሳቅሁ። ቀበሌ ሄዶ ይህን ቃል ያልሰማ ማን አለ?

ሌሊት ሕፃኑን ታቅፌ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ወጣት ነርስ ሳለሁ ገጠር ጤና ጣቢያ ለአንዲት እናት ሽሮፕ ሰጥቼ «በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ማንኪያ» ብያት ነበር። ጠርሙሱን ቶሎ ጨርሳ መጣች። እኔ የሻይ ማንኪያ ማለቴ ነበር፤ እሷ ቤት ያለው የወጥ ማንኪያ ነው። ልጁ ደህና ነበር፤ እኔ ግን ሰው ፊት ተቆጣኋት። ሴትየዋ ያልኳትን በትክክል ነው የፈጸመችው። የትኛው ማንኪያ እንደሆነ ያልነገርኳት እኔ ነኝ።

የማናውቀውን ቃል እንጠይቃለን። የሚያሳስተን በአንድ ወገን ብቻ የምናውቀው ነው፤ አውቀነዋል ብለን ስለምናስብ አንጠይቅም። ልጆቻችሁ ዘንድ ባሕር ማዶ የምትሄዱ ወላጆችና አያቶች፣ የመድኃኒት ሰዓት በራሳችሁ ቋንቋ ካርቶኑ ላይ አስጽፉ። ቋንቋው ካልተገኘ ፀሐይና ጨረቃ ይሣሉበት። ከዚያም የተረዳችሁትን መልሳችሁ ለሰጪው ንገሩት። መድኃኒት የምትሰጡ የሙያ ባልደረቦቼም «ገባዎት?» ከማለት «እንዴት ነው የሚወስዱት? ይንገሩኝ» በሉ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ተማርኩት።