አሥራ ሁለተኛዋ ብልት

እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ፈተና የተፈተናችሁት መቼ ነው? እኔ በቢዝነስ ማኔጅመንት ዲግሪዬን የያዝኩ ዕለት «ከእንግዲህ ፈተና የሚባል ነገር አላይም» ብዬ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ግን አንድ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነጭ ኮፍያ ደፍቼ፣ ቀለበቴን አውልቄ፣ ጥፍሬን ከሥሩ ቆርጬ፣ ደረቴ ላይ 7 ቁጥር ተለጥፎብኝ፣ አንዲት ጥሬ ዶሮ ፊት ቆምኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። 200 ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ አዲስ ምርት ሳስተዋውቅ እንኳ እንደዚያ አልተንቀጠቀጠም።

«ምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት ምን አስገባሽ?» ማለታችሁ አይቀርም። ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ቃል ነው፤ «ባለሙያ» ከሚለው።

በመሥሪያ ቤቴ ባለሙያ ነኝ፤ የማርኬቲንግ ባለሙያ። ቢዝነስ ካርዴ ላይም ተጽፏል። ይኸው ቃል ቤት ሲገባ ግን ትርጉሙ ይለወጣል። «ሚስቱ ባለሙያ ናት» ሲባል ስለ ዲግሪዋ የሚያስብ ሰው የለም፤ ወጧ ይጣፍጣል፣ እንጀራዋ ዓይን አለው ማለት ነው። በዚህኛው ትርጉም እኔ ባለሙያ አልነበርኩም። የሚያስቀው ደግሞ አንድ ጊዜ ለታሸገ በርበሬ ማስታወቂያ ስንሠራ «የእናት እጅ ጣዕም» የምትለዋን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ። ማስታወቂያው ተወደደ። እኔ ግን በዚያ በርበሬ አንድም ቀን ወጥ ሠርቼበት አላውቅም።

እናቴ ከ10ኛ ክፍል አቋርጣ ነው የተዳረችው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሳትፈተን መቅረቷ እስከ ዛሬ ይቆጫታል። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ወደ ማጀት ብቅ ስል «ውጪልኝ! ደብተርሽን ያዢ፤ ይኼን ለእኔ ተዪው» ትለኝ ነበር። ከሽንኩርት ጭስ የጠበቀችኝ ስለምትወደኝ ነው። እሷ በጠበቀችኝ ልክ ግን ሳልማረው ቀረሁ።

ባገባሁ በመጀመሪያው ፋሲካ የባለቤቴን ቤተሰቦች ጠራን። ዶሮዋን ራሴ በለትኩ፣ ወጡንም ራሴ ሠራሁ። ማዕድ ሲቀርብ አማቴ ድስቱን ከፍተው በጭልፋ እያወጡ በልባቸው ሲቆጥሩ አየኋቸው። ሲጨርሱ ቀና አሉና «የኔ ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛዋ የት ገባች?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

እናቴን «አስተምሪኝ» ሳልላት የቀረሁ እንዳይመስላችሁ። «በርበሬው ስንት ይሁን?» ስላት «በቃኝ እስኪልሽ» ትለኛለች። «ሽንኩርቱ ስንት ደቂቃ ይቁላላ?» ስላት «ሽታው ይነግርሻል» ትላለች። ለእኔ ሽታው ምንም አይነግረኝም። በሠንጠረዥና በቁጥር የኖረ ጭንቅላት ቁጥር ይፈልጋል። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ለሚሰጥ የ6 ወር የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ተመዘገብኩ። ለእናቴ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ ቆይታ «እኔ በሕይወት እያለሁ ገንዘብ ከፍለሽ?» አለችኝ። ያቺ ንግግሯ 6 ወር ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

ትምህርቱ በዶሮ ወጥ የሚጀምር መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ የተማርነው ግን እጅ መታጠብና ቢላዋ አያያዝ ነው። ቀጥሎ ካሮትን ሁሉም ጎኑ 3 ሚሊ ሜትር በሆነ ቁራጭ መክተፍ መጣ፤ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ካሮት ስንከትፍ ዋልን። ከዚያ ዛሬ በትልልቅ ሆቴሎች ወጥ ቤት የምናየውን የሥራ ክፍፍል ስላደራጀው ፈረንሳዊ ሼፍ ስለ ኦጉስት ኤስኮፊዬ ተማርን። አምስቱን «እናት ሶሶች» በቃላችን ያዝን፤ ቤሻሜል፣ ቬሉቴ፣ ኤስፓኞል፣ ቲማቲም እና ሆላንዴዝ። እናት የተባሉት ሌሎቹ ሶሶች ከእነሱ ስለሚወለዱ ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ፈረንሳዮቹ «ሚ ዛን ፕላስ» የሚሉት ነገር ነው። እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ሁሉም ነገር ተመዝኖ፣ ተከትፎ፣ በየሳህኑ ሆኖ ቦታ ቦታውን ይይዛል ማለት ነው። እኔ ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ እያረረ ቅመም ፍለጋ መደርደሪያ ስበረብር የኖርኩ ሰው ነኝ። ይቺን አንዷን ብቻ ቤታችሁ ብትሞክሯት ከሥራ መልስ የምትሠሩት እራት ግማሽ ጭንቀቱ ይቀንስላችኋል።

ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ለእናቴ ደወልኩና ዶሮ መበለት እንዳስጨነቀኝ ነገርኳት።

«ፈተና አለው እንዴ?» አለችኝ። «ፈታኝ ቆሞ ያያል? ነጥብ ይሰጣሉ?»

ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። በማግስቱ ሁለት የታረዱ ዶሮዎች በፌስታል አንጠልጥላ ቤቴ መጣች። በዚያ ሳምንት በሦስት ምሽት አምስት ዶሮ በለትን። «ቢላዋውን አትግፊው» ትለኛለች። «መጀመሪያ መገጣጠሚያውን በጣትሽ ፈልጊ። አጥንት የሚሰብር ባለሙያ አይደለም።» ሼፉ በክፍል ውስጥ ያሉን ይህንኑ ነበር፤ እሳቸው በሥዕል አሳይተውናል፣ እሷ ጣቴን ይዛ አሳየችኝ።

የተጣላነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እሷ ዶሮዋን በሎሚና በጨው ደጋግማ ካላጠበች አይሆንላትም። እኛ ደግሞ ጥሬ ዶሮ ቧንቧ ሥር አይታጠብም ተብለናል፤ የሚረጨው ውኃ ባክቴሪያውን ወደ ሲንኩ፣ ወደ ሰላጣውና ወደ ሌላው ዕቃ ያዛምታል። ባክቴሪያውን የሚገድለው እሳት ነው፤ የሥጋው ውስጥ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ። ይህን ሳስረዳት አዳመጠችኝና «እነሱ ሳያጥቡ ይብሉ፤ እኔ ልጄን አላበላም» አለች። በመጨረሻ እንዲህ ታረቅን፦ እሷ በጎድጓዳ ሳህን ቀስ ብላ ታጥባለች፣ እኔ ወዲያው ሲንኩንና አካባቢውን በሳሙናና በበረኪና እፈገፍጋለሁ።

ወደ ፈተናው ልመልሳችሁ። ትእዛዙ በአንድ ገጽ ተጽፎ ተሰጠን። የተፈቀደልን 4 ሰዓት ነው። ዶሮዋን 8 ቦታ መበለት፣ ከአጥንቷ መረቅ ማውጣት፣ በመረቁ ቬሉቴ ሶስ ሠርቶ ከዶሮዋ ጋር ማቅረብ፣ ሩዝ በፒላፍ አሠራር፣ በመጨረሻም ክሬም ካራሜል። ሁለት ፈታኞች ወረቀት ይዘው በመካከላችን ይመላለሳሉ። ነጥቡ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ለንጽሕና፣ ለሥራ ቅደም ተከተል፣ ለብክነትና ለሰዓትም ነው።

አጀማመሬ ጥሩ ነበር። ክሬም ካራሜሉ በስሎ መቀዝቀዝ ስላለበት አስቀድሜ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ለጥሬ ዶሮ ብቻ የተመደበውን ቢጫ መክተፊያ አስተካክዬ ቢላዋዬን አነሳሁ። እግሩ፣ ክንፉ፣ ታፋው። መንቀጥቀጤ ቆመ። የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ እጄ መንገዱን ያውቀዋል። ጨርሼ ቀና ስል ንጹሕ ብልቶች ተራ በተራ ተደርድረዋል። በኩራት ቆጠርኳቸው። 12።

አንገቱ አለ፣ ጀርባው አለ፣ ፈረሰኛው ሳይቀር ተነጥሎ ወጥቷል። ትእዛዙ ግን 8 ነበር።

ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። የተቆረጠ ነገር አይቀጠልም። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሼፍ፣ ገበታዬ ጋ ደረሱና ቆሙ።

«ስንት ነው የተባለው?»

«ስምንት።»

«ይኼስ?»

«አሥራ ሁለት።»

አንዷን ብልት በጓንታቸው አንስተው መገጣጠሚያዋን አዩት። አጥንት አልተሰበረም።

«ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ጥሩ እጅ ነው» አሉኝ። «ነጥቡ ግን ይቀነሳል። ስምንት ላዘዘ ደንበኛ አሥራ ሁለት አይቀርብለትም።» ጽፈው አለፉ።

ልክ ናቸው። እኔ ራሴ በሥራ ቦታዬ «ደንበኛው ያዘዘው ይኼን አይደለም» ብዬ ስንት ጊዜ ሥራ መልሻለሁ። አሁን የቀረኝ ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ እንደዚያ ፋሲካ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በር መቆለፍ፣ ወይ መቀጠል። ሰዓቱን አየሁ። ከሦስት ሰዓት በላይ አለኝ። ጀርባውንና አንገቱን ከሽንኩርት፣ ከካሮትና ከሰለሪ ጋር ለመረቅ ጣድኩ።

መረቁ ሲደርስ 30 ግራም የገበታ ቅቤ አቅልጬ 30 ግራም ዱቄት አበሰልኩበትና ግማሽ ሊትር መረቅ ጨመርኩ። ስለቸኮልኩ ጓጎለ። ከ6 ወር በፊት ቢሆን እደፋው ነበር። አሁን በወንፊት አጥልዬ መልሼ ጣድኩት። ስቀምሰው ጨው ጎድሎታል። ጨመርኩና ቀመስኩ፤ አሁንም የሆነ ነገር ይቀረዋል። ትንሽ ነጭ ቁንዶ በርበሬ። ቀመስኩ። ሁለት ጠብታ ሎሚ። እንደገና ስቀምስ ማንኪያውን አስቀመጥኩት። ሌላ ምንም አልፈለገም።

«በቃኝ እስኪልሽ» የምትለው ለካ ይኼን ነው! እናቴ መልስ ከልክላኝ አልነበረም። ትክክለኛውን መልስ ነበር የሰጠችኝ፤ እኔ ግን ቀምሼ ስለማላውቅ አልሰማሁትም።

ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጣ። አለፍኩ። የክፍሉ አንደኛ አልሆንኩም፤ ግን አለፍኩ። ከመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ሆኜ ለእናቴ ደወልኩ።

«ስንት አገኘን?» አለችኝ።

«አገኘሽ» አላለችም። ጉሮሮዬ ተናነቀኝ።

«ለሶሱ ከ15፣ 14። ለዶሮ ብለታው ከ20፣ 9።»

«ዘጠኝ? ምን ሆነሽ?»

የሆነውን ነገርኳት። መጀመሪያ ዝም አለች፤ ቀጥሎ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋ ሲያልፍ «በይ እንግዲህ የስምንቱን እኔን አስተምሪኝ» አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤቷ ሄድኩ። ስምንቱን አሳየኋት፤ ጀርባው ለመረቅ ተለይቶ ሲቀመጥ «እንዲህ ከሆነ ሾርባም አለው» አለች። ከዚያ ከትምህርት ቤት የለመድኳትን ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን አወጣሁና ባዶ ሳህን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። «እማዬ፣ ለወጥ እንደምትጨምሪው አድርገሽ አንድ እፍኝ በርበሬ እዚህ ጨምሪልኝ» አልኳት። ጨመረች፤ 31 ግራም። ሳህኑን ባዶ አድርጌ ደግሚልኝ አልኳት፤ 30። ለሦስተኛ ጊዜ፤ 31።

ቁጥሩን አየችውና መነጽሯን አስተካክላ እንደገና አየችው።

«ምን ማለት ነው?»

«ማለፍሽ ነው፣ እማዬ።»

ስቃ ጀርባዬን በመዳፏ መታችኝ። ሸሚዜ ላይ የበርበሬ አሻራ ቀረ። ያን ዕለት ግን ሚዛኑን አንሺው አላለችም፤ ጨውንም፣ ኮረሪማንም፣ ንጥር ቅቤንም በየተራ መዘነች። እኔ ጻፍኩ።

«እጇ ይጣፍጣል» ስንል ተሰጥኦ ብቻ ይመስለናል። እኔ ያየሁት ግን 40 ዓመት በየቀኑ የተደገመ ልምምድ ነው፤ ማንም ወረቀት ይዞ ቆሞ ነጥብ ያልሰጠው። ስለዚህ ልለምናችሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ እናታችሁ ወይም አያታችሁ ቤት ስትሄዱ ከብርቱካኑና ከሙዙ ጋር ትንሽ ሚዛንና አንድ ደብተር ያዙ። «ስንት ይሁን?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አይነግሯችሁም። እፍኛቸውን ከመዘናችሁ በኋላ ጻፉት። ቁጥሩን ግን ለራሳችሁ ብቻ ይዛችሁ እንዳትመለሱ፤ እነሱንም አሳዩአቸው።